መኪናችን ታሸበሽብ ነበር

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ መኪናዋም ተሸጣለች። እኔ ግን ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ካህናቱ ጸናጽል ሲያነሡ ክንዴን ውርር ያደርገኛል። አጠገቤ የሚቆሙት ሴቶች ዜማው ማርኳት ነው ይላሉ። ዜማውንም እወደዋለሁ፤ የሚወርረኝ ግን ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የሰማሁት ነገር ትዝ እያለኝ ነው።

መምህርት ነኝ። ያኔ የምንኖረው ዳባት ነበር። ባለቤቴ አባይነህ ግብርና ቢሮ ይሠራል። ከአባቱ የወረሳት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችን። አባቱ እህል ነጋዴ ስለነበሩ ጎንደርና ሽሬ ሲመላለሱባት ኖረዋል። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ቁጥሩን ጨርሶ እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ነበር፤ በኋላ እሱም ሰልችቶት ቆመ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን «አሮጊቷ» ይሏታል። አባይነህ ይህን ስም አይወድም። እኔ ታምሜ ስተኛ «አይዞሽ» ብሎኝ የሚያልፍ ሰው፣ አሮጊቷ ጠዋት አልነሣም ካለች ምሳ አይበላም ነበር።

አባይነህ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ዜማ ተምሯል። ደመወዝተኛ ከሆነም በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር ነጠላውን አጣፍቶ ከመዘምራኑ ጋር ይቆማል። ዛሬ እዚህ ደብር፣ ነገ እዚያ ደብር ስለሚጠራ ጸናጽሉ ከመኪናዋ ወርዶ አያውቅም። ከጋቢናው ወንበር ሥር፣ ከሾፌሩ ጎን ሰው በሚቀመጥበት በኩል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖረው ነበር። አንድ የክረምት ቀን ትንሿን ልጄን ዝናብ ሲመታት ጨርቁን አንሥቼ ራሷን አደረቅሁበት፤ በዚያው ጠፋ። አባይነህ በዚህ ጨርቅ ምክንያት ስንት ቀን እንዳጉረመረመብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ጸናጽሉም ከዚያ ወዲህ ራቁቱን መጓዝ ጀመረ።

ስለዚህ መኪናችን በሄደች ቁጥር ቅጭል ቅጭል ትላለች። የዳባት ሰው ለቀልድ አይሰንፍም። «የአባይነህ መኪና ታሸበሽባለች» ይሉን ጀመር። አንድ ጎረቤታችንማ በራችን ባለፈ ቁጥር «ቅዳሴ ገባች ወይስ ገና ናት?» እያለ ይጠይቀኛል። እኛም ለመድነው። ልጆቹ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ድምፁ ቀን በቀን እየበረታ መሄዱን ማናችንም ልብ አላልንም። ጸናጽል መሆኑን እያወቅን ለምን ብለን ልብ እንላለን?

የዚያን ዓመት ኅዳር ሚካኤልን እናቴ ዘንድ ልናከብር አሰብን። የተወለድኩት ከሊማሊሞ ማዶ፣ አዲ አርቃይ አካባቢ ነው። እናቴ ታማ ከርማ ስለነበር ዓይኗን ለማየት ቸኩያለሁ። ደግሞ የአባይነህ የዜማ መምህር ደባርቅ ይኖሩ ነበር፤ መሪጌታ ናቸው፣ እሱ የኔታ ነው የሚላቸው። የዚያ ዓመት የትውልድ ሰፈሬን ሚካኤል ማኅሌት እንዲመሩ የተጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሌሊቱን ማኅሌት የሚቆም ሁሉ እሳቸውን ነው የሚጠብቀው። እግረ መንገዳችንን ልናደርሳቸው ተስማማን።

ረፋድ ላይ ከዳባት ተነሣን። ከኋላ እኔ፣ ሁለቱ ልጆቼና አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ተቀምጠናል። በወገራ ሜዳ ላይ ገብስ እየታጨደ ነበር። አሮጊቷ እንደ ወትሮዋ ቅጭል ቅጭል እያለች ደባርቅ አደረሰችን። የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መንገድ ዳር ቆመዋል። አባይነህ ወርዶ ጉልበታቸውን ስሞ ጋቢና አስገባቸው።

ገና እንደተቀመጡ ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር ጸናጽሉን አወጡ። አገላብጠው አዩት። አንዴ ነቅነቅ አደረጉት፤ ልጆቼ ሳቁ። በጋቢያቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ጫኑበት። እኔም አየሁ፤ ግን ምንም አላሰብኩም። ሊቅ ናቸው፣ የሙያቸው ዕቃ ነው፣ ምን ይገርማል?

ከደባርቅ ወጥቶ ጥቂት እንደሄዱ መሬቱ ያልቃል። ሊማሊሞን ላላየ ሰው ሌላ መግለጫ የለኝም። ሜዳ ላይ እየሄዱ ሳለ ድንገት ሜዳው ከፊት ይጠፋና ከታች፣ በጣም ከታች፣ ሌላ አገር ይታያል። መንገዱ ከገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሽቅብ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ከሥር ጉንዳን ያህላሉ። አባይነህ ወደዚያ ስንቃረብ ማርሽ ቀንሶ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። ያን ጊዜ ቅጭልጭሉ በረታ።

የኔታ ከደባርቅ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። አሁን ቀስ ብለው ጠሩት።

«አባይነህ።»

«አቤት የኔታ።»

«ጸናጽልህ እኔ ዘንድ ነው። እጄን ጭኘበት ዝም ብሏል። ታዲያ ይኸ የሚያሸበሽበው ማነው?»

ከኋላ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ጸናጽሉ በጭናቸው ላይ፣ ከሰፊው መዳፋቸው ሥር ተኝቷል። ቀለበቶቹ አይንቀሳቀሱም። ድምፁ ግን ይሰማል። ዓይኔ የሚያየውንና ጆሮዬ የሚሰማውን ማስታረቅ አቃተኝ። ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ቢሆንም አልዋሽም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ መንፈስ ነው የሚል ነበር። እማማ ጥሩወርቅ አማተቡ።

አባይነህ መንገዱ ከመውረዱ በፊት ባለችው የመጨረሻ ሰፊ ቦታ ላይ ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋው፤ ድምፁ አብሮ ጠፋ። አስነሣው፤ ቅጭል ቅጭሉ ተመለሰ። ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍተው ድምፁ ከሞተሩ ፊት ለፊት ጎልቶ ወጣ። አሁን ጸናጽል አይመስልም። ብረት ብረትን የሚገርፍ ድምፅ ነው።

የኔታም ወርደው አጠገቡ ቆሙ። «ዳገት ሲሆን ዝም ይላል፣ መንገዱ ሲያዘቀዝቅ ያነሣል» አሉት። «መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ብየ ነበር። ሽምግልና ጆሮ ውስጥ ብዙ ነገር ያዜማል። በኋላ ግን ከፊታችን፣ ከሞተሩ በኩል የሚመጣ ሆነ።»

የአባይነህ ፊት አመድ መሰለ። «ሰንሰለቱ ነው» አለኝ ዞር ብሎ። ሞተር ውስጥ የላዩንና የታቹን ዕቃ አያይዞ እኩል የሚያዞር ሰንሰለት አለ፤ መካኒኮቹ ታይሚንግ ቼን ይሉታል። ሲያረጅ ይላላል፤ ሲላላ የሞተሩን ግድግዳ ይገርፋል። አባይነህ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እንዲህ ሲጮህ ያልሰማው ጸናጽሉን እየሰማ ነው።

ቢሆንም ወደ ኋላ መመለሱ ከበደው። «ስንት ጊዜ በዚህ ድምፅ ስንሄድ አልነበረ? ቀስ ብየ ልውረዳት። የኔታን ሕዝብ እየጠበቃቸው ነው» አለ። እኔም ልቤ ማዶ ነበር። እናቴ በር በሩን እያየች እንደምትውል አውቃለሁ። ምን እንደምል ጠፋኝ።

እማማ ጥሩወርቅ ግን አልጠፋቸውም። የልጆቹን እጅ ይዘው ወርደው መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ሚካኤል ደባርቅም አለ» አሉ። «እኔ በዚህች አልወርድም፤ ልጆቼንም አላወርድም።»

«እማ፣ ሰው ምን ይለናል?» አለ አባይነህ።

«በሕይወት ሁነን እንስማው።»

ይህን ሲሉ ከደባርቅ በኩል አንድ የጭነት መኪና መጣ። አባይነህ እጁን ሲያነሣ ሾፌሩ ቆመ። የኔታን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ የጋቢናውን በር ከፍቶ «ይግቡ አባቴ፣ አዲ አርቃይ ነኝ» አላቸው። የኔታ ከመግባታቸው በፊት ጸናጽሉን አሳዩን።

«ይኸን ይዠው እሄዳለሁ» አሉ። «ጠግነህ ስትጨርስ ያለ ጸናጽል አዳምጣት።»

የጭነት መኪናው ወደ ገደሉ ሲታጠፍ እያየን ቆየን። ከዚያ አባይነህ አሮጊቷን አዙሮ ብቻውን በእግር እርምጃ እየነዳ፣ እኛ ከኋላዋ በእግራችን እየተከተልን ወደ ደባርቅ ተመለስን። መንገድ ያገኘነው አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ አሳለፈን፤ ቀብር የምንሸኝ መስሎት ይመስለኛል።

ደባርቅ ውስጥ ባዩ የሚባል መካኒክ አለ ተባልን። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ሆኖ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ባዩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። እጁ ሲሠራ አፉም ይሠራል፤ ስለ ደባርቅ ብርድ፣ ስለ ሚስቱ ወንድሞች፣ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል። ድምፁን አንዴ ሰማና «ነገ ሚካኤል ነው፣ እኔ በሚካኤል ብረት አልነካም። ዛሬ ግን ከፍቼ ልየው» አለን። ማራገቢያውን ፈታ፣ ቀበቶውን አወለቀ፣ የፊት ሽፋኑን የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ ነቀለ። አባይነህ ሕመምተኛ እንደሚጠብቅ ሰው ከራስጌዋ አልተለየም።

ሽፋኑ ሲነሣ ባዩ ወሬውን አቆመ። መጀመሪያ ያስፈራኝ የሱ ዝም ማለት ነው።

ሽፋኑን ወደ ፀሐይ አነሣና አሳየን። ሰንሰለቱ ከውስጥ በኩል ሲገርፈው ኖሮ እንደ ወንዝ ቦይ ቆፍሮታል። ከቦዩ መሐል ቀጭን የብርሃን መስመር ያሳልፋል። ሰንሰለቱን ደግፈው የሚይዙት ገበታዎች ተሰባብረው ከሥር ዘይቱ ውስጥ እንደ ቆሎ ተበትነው ተገኙ። ከዚያ ባዩ ሰንሰለቱን ከሚያዞረው ባለጥርስ ብረት ላይ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አነሣው።

ተበጠሰ። መዶሻ አልነካውም፤ ማንም አልጎተተውም። በገዛ ክብደቱ ብቻ ከአንዱ ዘለበት ላይ ተለያየና ግማሹ በጣቱ ላይ ቀርቶ ግማሹ ወርዶ ተንጠለጠለ።

«ወንድሜ፣ እኔ አልበጠስኩትም። ዓይንህ እያየ ነው» አለ ባዩ፣ ብርጭቆ እንደሰበረ ልጅ ደንግጦ።

ዘለበቱን አየሁት። የያዘው ሽቦ አልቆ የመርፌ ያህል ቀጥኗል። ባዩ ወዴት እየሄድን እንደነበር ጠየቀን። ሊማሊሞ ስንለው ኮፍያውን አወለቀ።

«ይኸ ቁልቁለቱ ላይ ቢበጠስ ሞተሩ እዚያው ይሞታል» አለ ቀስ ብሎ። «ሞተሩ ሲሞት የዚህች ፍሬን እንጨት ይሆናል፣ ብትረግጠው አይሰማህም። ማርሹም ቢሆን እንደ ልብህ አይዝልህም። እዚያ ደግሞ የት ታቆማታለህ?» ከዚያ ሄዶ እጁን ታጠበና ባሕር ዛፉ ሥር ብቻውን ተቀመጠ።

እኔ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቼ ከአጥሩ ሥር የባሕር ዛፍ ፍሬ ይለቅማሉ። አንደኛዋ ጫማዋ ተፈትቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠርቼ እቆጣት ነበር። ዝም ብዬ አየኋት። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ሰዓት ፈርቼም፣ ተደንቄም አላውቅም። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅ እስከ አፋፉ ያን ሁሉ መንገድ የያዘን ያች መርፌ ናት።

አባይነህ ጎንደር ላለው ወንድሙ ደወለና አዲስ ሰንሰለት ከነገበታው ገዝቶ በአውቶቡስ እንዲልክ ነገረው። እኛም ደባርቅ ዘመድ ቤት አደርን። ኅዳር ሚካኤልን እዚያው አከበርን። ካህናቱ ጸናጽላቸውን አንድ ላይ ሲያነሡ ክንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውርር ያለው ያን ቀን ነው። ማዶ ወንዶቹ በኩል አባይነህን አየሁት። በመዘምራኑ መሐል ባዶ እጁን ቆሟል። ጸናጽሉ ሄዷል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ አይጠርገውም።

በማግሥቱ ሰንሰለቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በዘይት እንደተዘፈቀ ደረሰ። ባዩ አሮጌውን በሽቦ አያይዞ ከአዲሱ ጎን አንጠለጠለው። አሮጌው ከአዲሱ ረዝሞ ተገኘ። «ሰው ሲያረጅ ያጥራል፣ ሰንሰለት ሲያረጅ ይረዝማል» አለ፤ ወሬው ተመልሶለት ነበር። ከላይና ከታች ባሉት ጥርሶች ላይ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ አንዷ ብትሳሳት ሞተሩ ራሱን በራሱ ይሰብራል። ምልክቶቹን አጋጥሞ ሰንሰለቱን አጠለቀ። አዲስ ገበታ አሰረለት። ሞተሩን በእጁ አዙሮ እንደገና አየ፤ ደግሞ አዙሮ አየ። ሽፋኑንም ከሌላ አሮጌ ሞተር ባወጣው ተካው።

ቁልፉ ሲዞር ሁላችንም ከበን ቆመናል። ተነሣች። ከሞተሩ ሩምታ በቀር ምንም የለም። ቅጭልጭሉን ጠበቅነው፤ አልመጣም። ትንሿ ልጄ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ «አሮጊቷን አሟታል እንዴ?» አለችኝ። አባይነህ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘንብሎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

ከዚያ ሊማሊሞን ወረድን። ጭላዳዎች መንገዱ ዳር ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። በመስኮት ቁልቁል አየሁ፤ ዓይኔ መጨረሻውን አልደረሰበትም። እማማ ጥሩወርቅ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ፤ ጥልቀቱን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

እናቴን በሕይወት አገኘኋት፤ ከጠበቅሁት ተሽሏት ነበር። የኔታም ማኅሌቱን መርተው፣ እኛን ሳያዩ አልመለስም ብለው እሷው ቤት ሰንብተዋል። ጸናጽሉን ለአባይነህ ሲመልሱለት ተቀብሎ ሳመውና የሰንሰለቱን ነገር ነገራቸው። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ግን ከደባርቅ ጀምሮ ልጠይቃቸው የፈለግሁት ነገር ነበረኝ። ሰው ሲበታተን ጠብቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «ያን ቀን ገና እንደገቡ ጸናጽሉን ከወንበሩ ሥር አወጡ። ምን ታይቶዎት ነው?»

ሕልም ይነግሩኛል፣ ወይ ሌሊት በጸሎት ላይ የሰሙትን ድምፅ ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። የኔታ አዩኝና ሳቅ አሉ።

«ምን ይታየኛል ልጄ?» አሉ። «ራቁቱን ሁኖ ተረከዜን እየወጋኝ ነው ያነሣሁት።»

አብሬያቸው ሳቅሁ። እናቴም ከጓዳ ሰምታ ሳቀች። ማታ ግን መደብ ላይ ልጆቼን ግራና ቀኝ አድርጌ ስተኛ ሳቁ ለቀቀኝ። ጨርቁ እንደተጠቀለለ ቢሆን ጸናጽሉ አይወጋም ነበር። ባይወጋ አያነሡትም። ከወንበሩ ሥር ቢቆይ ደግሞ እያሸበሸበ ነው ብለን ዝም ብለን እንወርድ ነበር።

ዛሬ የኔታ አርፈዋል። የተበጠሰውን ሰንሰለት አባይነህ ሳሎናችን ውስጥ ከጸናጽሉ ጋር አንድ ምስማር ላይ ሰቅሎታል፤ እንግዳ ሁሉ ምንድን ነው ይለናል። ሰዎች ስለ ታላላቅ ተአምር ሲያወሩ እሰማለሁ፤ አልከራከርም። የኔ ታሪክ ግን ትንሽ ናት። በአንዲት ዝናባማ ቀን የሕፃን ራስ አደረቅሁ፤ በዚያ ምክንያት አንድ ሽማግሌ ተረከዛቸውን ተወጉ። ልጆቼ ሁለቱም አሉ።